ሥራ በችሎታ እንጂ በፆታ አይከፈልም
ከአውራ አምባ መንደር የሚገኝ ትምህርት

በደቡብ ጎንደር ደጋና ወይና ደጋ የአንድ አርሶ አደር ቤተሰብ የሥራ ውሎ ምን እንደሚመስል የልማት ሠራተኞች ሁሉ ያውቁታል። በክረምት ባል ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ማለዳ ይወጣል። ሚስት ውሃ ቀድታ፣ ቁርስ አብስላ፣ ምሳ ቋጥራ ከማሳው ትደርስና ጉልጓሎውንና አረሙን ትይዛለች። ማታ በሬ ሲፈታ የባል ሥራ ያበቃል። የሚስት ሥራ ግን ገና ነው፤ ሊጥ ይቦካል፣ ወጥ ይሠራል፣ ልጅ ይታጠባል፣ ለነገ የሚሆን ማገዶ ይሰናዳል። አብዛኛው ሰው ይህን ክፍፍል እንደ ተፈጥሮ ሕግ አድርጎ ተቀብሎት ኖሯል።

ልማዱ የሚያስከፍለው ዋጋ በማሳ ላይ ይታያል። ባሏ የሞተባት ሴት መሬት ቢኖራት እንኳ እርፍ መጨበጥ እንደ ነውር ስለሚቆጠርባት፣ ብዙውን ጊዜ ማሳዋን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። እኩል አራሹ በቅድሚያ የራሱን ማሳ ያርሳል፣ ይዘራል። በመሆኑም የእርሷ ማሳ የሚደርሰው ወቅቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከተገኘው ምርት ደግሞ ግማሹ ከጎተራዋ ሳይገባ ይሄዳል። እንግዲህ ነገሩ የባህል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የምርትም ጉዳይ ነው ማለት ነው።

መንደሩ እንዴት ተመሠረተ?

የአውራ አምባ መንደር በፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ ከባሕር ዳር 73 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። መሥራቹ አቶ ዙምራ ኑሩ በእስቴ አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ የተወለዱ ሲሆኑ፣ የትምህርት ዕድል ሳያገኙ አድገዋል። እርሳቸው እንደሚናገሩት፣ እናታቸው ከአባታቸው እኩል ማሳ ላይ ውለው ሲገቡ የቤቱ ሥራ ሁሉ ለብቻቸው የሚጠብቃቸው ለምን እንደሆነ ገና በልጅነታቸው ይጠይቁ ነበር። ቤተሰቡም ሆነ ጎረቤቱ ለጥያቄው መልስ አልሰጠም፤ ይልቁንም የልጁን አእምሮ ጤንነት ተጠራጠረ።

አቶ ዙምራ ሐሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፍለጋ ከቀዬ ቀዬ ከተንከራተቱ በኋላ፣ በፎገራ ጥቂት አርሶ አደሮች ተቀበሏቸው። መንደሩም በ1964 ዓ.ም. ተመሠረተ። ከላይ የወረደ መመሪያ፣ ከውጭ የመጣ ፕሮጀክት ወይም የተመደበ በጀት አልነበረም። የነበረው የጥቂት ሰዎች ስምምነት ብቻ ነው፤ ይኸውም ሴትና ወንድ እኩል እንዲሆኑ፣ ሕፃናት ከአቅማቸው በላይ እንዳይሠሩ፣ አረጋውያንና ሕሙማን ያለ ጧሪ እንዳይቀሩ፣ ክፉ ንግግርና ክፉ ተግባር እንዲወገድ ነበር።

ሥራው እንዴት ተደራጀ?

በአውራ አምባ ሴት በሬ ጠምዳ ታርሳለች፤ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፣ ጥጥ ይፈትላል። በአካባቢው ልማድ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ነው። በመንደሩ ግን ሴቶችም ከሸማ ዕቃው ላይ ተቀምጠው ይሸምናሉ። ሥራ የሚሰጠው በችሎታና በጉልበት ነው።

ሽመና መያዛቸው ራሱ ትምህርት አለው። ሸማኔው ‹‹ቁጢት በጣሽ››፣ ብረት ሠሪው ‹‹ቀጥቃጭ›› እየተባለ በሚናቅበት አገር፣ የአውራ አምባ ሰዎች መሬታቸው እንደማይበቃ በተረዱ ጊዜ ወደ እጅ ሥራ ዞሩ። የእህል ወፍጮና ሱቅም አቋቋሙ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት በጋራ ሠርተው ገቢውን ይካፈላሉ። በሳምንት አንድ ቀን የሚሠራው ሥራ ደግሞ ለተቸገሩ ወገኖች መርጃ ይውላል። ጧሪ ያጡ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት፣ የሕፃናት ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍትም አላቸው። የመንደሩን ጉዳይ የሚመሩት ከነዋሪው መካከል የሚመረጡ ኮሚቴዎች ናቸው።

ሠርግና ለቅሶም በልክ ነው። ሠርግ ድግስ የለውም፤ ቀብር ሲፈጸም ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። ለአንድ ቀን ድግስ በሬ አርዶ፣ ለዘር የተቀመጠውን እህል ጠላ ጠምቆ፣ በማግሥቱ ብድር የሚፈልግ ገበሬ በየቀበሌው ስላለ፣ የዚህ ልማድ ኢኮኖሚያዊ ትርጉም ግልጽ ነው።

የከፈሉት ዋጋ

ይህ ሁሉ ያለ መከራ የተገኘ አይደለም። ማኅበረሰቡ በፈጣሪ ቢያምንም የተደራጀ ሃይማኖት ስለማይከተል፣ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ጎረቤት ጥርጣሬና ጥላቻ ገጥሞታል። በደርግ ዘመን መጨረሻ የመንግሥት ተቃዋሚዎችን ትደግፋላችሁ የሚል ክስ ስለቀረበባቸው ቀያቸውን ጥለው ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ቦንጋ አካባቢ ተሰደዱ። በ1985 ዓ.ም. ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ስለቆያቸው የቀራቸው 17.5 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። በመቶዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ይህ መሬት ቀለብ አይሆንም። ሽመናው የማኅበረሰቡ ምሰሶ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ከጊዜ በኋላ ሕጉም ተከትሏቸዋል። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የመሬት ምዝገባ የባልና የሚስት ስም በአንድ የይዞታ ደብተር ላይ ሰፍሯል። በዚያው ዓመት የወጣው የክልሉ የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። ሆኖም ደብተር እርፍ አይጨብጥም። መብቱ በወረቀት ላይ የሰፈረላት ሴት ማሳዋን እንድታርስ ጎረቤቷ ‹‹ነውር ነው›› ማለቱን መተው አለበት፤ ይህን ደግሞ አዋጅ ብቻውን አያመጣውም።

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

አውራ አምባን እንዳለች ገልብጦ ወደ ሌላ ቀበሌ መውሰድ አይቻልም፤ መሞከርም ተገቢ አይደለም። በተለይ የእምነትና የበዓላት ጉዳይ የሕዝቡ የራሱ ነው፤ የልማት ሠራተኛ ሊነካካው አይገባም። ነገር ግን የሚከተሉትን በማንኛውም ቀበሌ መጀመር ይቻላል።

ሀ) የሥራ ቀን መቁጠሪያ ማዘጋጀት። ባልና ሚስት በአንድነት ተቀምጠው ከሰኔ እስከ ጥር ያለውን ሥራ፣ ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚሠራው ይዘርዝሩ። የሥራው ጫና በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ያለ ክርክር ይታያል።

ለ) ደቦና ወንፈልን ለሴት አባወራዎች ማዳረስ። በሬ የሌላት ሴት ማሳዋ በወቅቱ እንዲታረስላት፣ እርሷም በአረምና በአጨዳ ጉልበቷን እንድትመልስ ማኅበሩ ያስማማ። ማሳዋን በእኩል ከመስጠት የተሻለ ድርሻ ይቀራታል።

ሐ) ማረስ የምትፈልገውን ሴት ማበረታታት። በማሳያ ማሳ ላይ ሥልጠና ሲሰጥ እርፉን ሴቶችም ይጨብጡት። በመስመር መዝራትንና ማዳበሪያ አጠቃቀምን ለባል ብቻ አስተምሮ መመለስ ግማሽ ሥራ ነው።

መ) የእጅ ሥራን ማክበር። መሬት ላልደረሳቸው ወጣቶች ሽመና፣ ሸክላና ብረት ሥራ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረት ሊሆኑ ይችላሉ። ንቀቱ እንዲቀር ግን የማኅበሩ መሪዎች በቅድሚያ የራሳቸውን ልጆች ያሰልጥኑ።

ሠ) ለጋራ መረዳጃ አንድ ቀን መወሰን። ዕድር ለቀብር የሚያወጣውን ጉልበትና ገንዘብ በከፊል ለሕያዋን፣ ማለትም ለሕሙማን ማሳና ለአረጋውያን ቀለብ ማዋል ይቻላል። ውሳኔው ግን የአባላቱ ይሁን።

የአውራ አምባ ለውጥ የተጀመረው በአንድ የገበሬ ልጅ ጥያቄ ነው። በየቀበሌያችን እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሳ አርሶ አደር ወይም ባልቴት አይጠፋም። የልማት ሠራተኛው ተግባር ይህን ሰው ፈልጎ ማግኘት፣ በስብሰባ ላይ እንዲናገር ዕድል መስጠት፣ ሲሳቅበትም ከጎኑ መቆም ነው።