ከጉበት ንቅለ ተከላ በኋላ የአይኤንአር ምርመራ ምን ይናገራል?

ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን በአብዛኛው የሚሠራው ጉበት ነው። አንዳንዶቹ በሰዓታት ውስጥ ስለሚያልቁ፣ የተተከለው ጉበት ሥራ መጀመሩ በደም መርጋት ምርመራ ቶሎ ይታወቃል።

አይኤንአር በጤነኛ ሰው ወደ 1 ይጠጋል፤ ከፍ ካለ ደሙ ለመርጋት ዘግይቷል ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀን ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ዋናው ነገር በየቀኑ እየወረደ መሄዱ ነው። በ7ኛው ቀን 1.6 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ጉበቱ በሚገባ እየሠራ ላይሆን ስለሚችል፣ ሐኪሞች ምክንያቱን ይፈልጋሉ፤ ወደ ጉበቱ የሚገባው የደም ሥር አለመዘጋቱንም በአልትራሳውንድ ያያሉ።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ፕላዝማ የተሰጠው ታካሚ ቁጥሩ ቢወርድም ጉበቱ ሠራ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ፕላዝማው የለጋሹን የመርጋት ፕሮቲኖች ይዞ ይመጣልና። ውጤቱ ሲነገራችሁ «ፕላዝማ ተሰጥቶት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።