የጡንቻ ብርታት፣ የሰውነት አያያዝና በሥራ ላይ የሚገኝ ልበ ሙሉነት

የሰው ኑሮ በሥራው ላይ የቆመ ነው፤ ሥራውም በሰውነቱ ላይ የቆመ ነው። ይህንን ገበሬና ግንበኛ ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። መምህርና የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ግን «ሥራችን የአእምሮ ነው» በማለት ሰውነታቸውን ይረሱታል፤ የሚያስታውሱትም ወገባቸውና ትከሻቸው መጮኽ ሲጀምሩ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን የጡንቻ ብርታትና ቀና ያለ የሰውነት አያያዝ ሥራውን በሰው ፊት ቆሞ ለሚያከናውን ሰው ምን እንደሚጠቅሙት፣ ምንስ ሊያደርጉለት እንደማይችሉ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አንድ መምህር በወገብ ሕመም ምክንያት ወደ እኛ መጥተው ነበር። ዕድሜያቸው ገና 40 አልሞላም። ቀን ቆመው ያስተምራሉ፤ ማታ ደግሞ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ደብተሩን በጭናቸው ላይ አድርገው እስከ እኩለ ሌሊት ያርማሉ። ሆኖም ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃቸው ሌላ ነገር ነበር። «ከቀትር በኋላ ድምፄ ከኋላው ወንበር አይደርስም፤ ልጆቹም መድከሜን ዐውቀውብኛል። ሥራውን ልተወው ይሆን?» ሲሉ ጠየቁን። የእኚህ መምህር ጥያቄ የብዙ ሰዎች ጥያቄ ስለ ሆነ መልሱን ከሥሩ ጀምረን እንመልከት።

ሰውነት እንዴት ይቆማል?

አከርካሪያችን በአንገት 7፣ በደረት 12፣ በወገብ 5፣ በድምሩ 24 ተንቀሳቃሽ ዐጥንቶች አንዱ በአንዱ ላይ የተደረደሩበት ምሰሶ ነው። በጫፉም ከ4 እስከ 5 ኪሎ ያህል የሚመዝን ራስ ተቀምጧል። ይህ ምሰሶ ብቻውን አይቆምም፤ የድንኳን ምሰሶ በገመድ ተወጥሮ እንደሚቆም ሁሉ፣ አከርካሪንም የጀርባ፣ የሆድና የዳሌ ጡንቻዎች በየአቅጣጫው ወጥረው ይይዙታል።

ውኃ የሞላ ባልዲ ከደረት ጋራ አስጠግቶ መያዝና ክንድን ዘርግቶ መያዝ ምን ያህል እንደሚለያዩ አንባቢያችን በቤቱ ሊፈትነው ይችላል። ራስም እንዲሁ ነው። በትከሻ መካከል ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ሸክሙ ይቀላል፤ ወደ ደብተር ወይም ወደ እጅ ስልክ አዘንብሎ ሲውል ግን የአንገትና የትከሻ ጡንቻዎች ያለ ዕረፍት ሲጎትቱት ይውላሉ።

እንግዲህ ተማሪውን «ቀና በል!» ብሎ መገሠጽ ለምን እንደማይበቃ ከዚህ ይታወቃል። ልጁ በትእዛዙ ቀና ይላል፤ ጡንቻው ግን ካልበረታ ጥቂት ቆይቶ ይደክምና ተመልሶ ይጎብጣል። በትልቅ ሰውም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ከዚህም በላይ፣ ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ሥራ ያጣ ጡንቻ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ይገመታል። ቀና ያለ አቋቋም እንግዲህ በትእዛዝ የሚመጣ አይደለም፤ የብርታት ፍሬ ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን ማጋነን አይገባም። ጎብጦ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ለሰው ሁሉ የሚስማማ አንድ ፍጹም አቀማመጥም የለም። ቀጥ ብሎም ቢሆን ለ3 ሰዓት ሳይነቃነቁ መቀመጥ ያደክማል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው አቀማመጥን በየጊዜው መለወጥ፣ ቢቻል በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ ነው።

ድምፅና ትንፋሽ

ድምፅ የሚወጣው በትንፋሽ ነው። ሰው ተጨብጦ ሲቀመጥ የጎድን ዐጥንቶቹ እንደ ልብ አይከፈቱም፤ ከሳንባ በታች ያለው የመተንፈሻ ጡንቻም በሆድ ዕቃ ተገፍቶ ስፍራ ያጣል። በዚህ ምክንያት ወደ ሳንባ የሚገባው አየር ያንሳል። በትንሽ አየር ብዙ ተማሪ ያለበትን ክፍል ሊያሰማ የሚሞክር መምህር በጉሮሮው ይጮኻል፤ ጉሮሮውም ይቈስላል። ደረቱን ከፍቶ፣ ሁለት እግሩን እኩል ተክሎ የሚቆም መምህር ግን ሳይጮኽ ይሰማል። ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞሮ መናገር ትቶ፣ ጽፎ ሲጨርስ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ ቢናገር ደግሞ የበለጠ ይሰማል።

ብርታት ለልብ ምን ይጨምራል?

እዚህ ላይ አንባቢያችንን ከአንድ ስሕተት ልንጠብቀው እንወዳለን። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጽፋለን።) በ2010 በአሜሪካ 42 ሰዎችን የመረመሩ ሊቃውንት፣ ሰው ሰውነቱን ዘርግቶና ደረቱን ገልጦ ለ2 ደቂቃ ቢቆይ በደሙ ውስጥ ያሉት ሆርሞኖች ተለውጠው ደፋር ይሆናል ሲሉ ጻፉ። ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ። በ2015 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች 200 ሰዎችን ይዘው ነገሩን ሲደግሙት፣ ሰዎቹ የብርታት ስሜት እንደ ተሰማቸው ቢናገሩም በሆርሞናቸውም ሆነ በድርጊታቸው ለውጥ አልተገኘም። ከመጀመሪያዎቹ ጸሐፊዎች ዋነኛዋም በ2016 በውጤቱ ከእንግዲህ እንደማያምኑ በግልጽ አስታወቁ። ስለዚህ በመስተዋት ፊት ለ2 ደቂቃ ደረትን ነፍቶ መቆም ልበ ሙሉነትን አያስገኝም።

የሚያስገኘው ምንድን ነው? አልበርት ባንዱራ የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ በ1977 እንዳስረዱት፣ ሰው «እችላለሁ» ብሎ እንዲያምን ከሁሉ ይልቅ የሚያበረታው ራሱ ሞክሮ የተወጣው ነገር ነው። የጡንቻ ልምምድ ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ወር 5 ጊዜ ብቻ የቻለውን በዚህ ወር 10 ጊዜ የሚችል ሰው፣ ማንም ሊነሣው የማይችል ማስረጃ በእጁ አለ። በ2018 ታትሞ የወጣ አንድ ጥናትም 1,877 ሰዎች የተካፈሉባቸውን 33 ሙከራዎች አሰባስቦ ሲመረምር፣ ጡንቻን የማጠንከር ልምምድ የድብርትን ምልክቶች እንደሚያቀልል አግኝቷል።

አገራችንም የዚህ ምስክር አላት። አበበ ቢቂላ በ1964 በቶክዮ የማራቶኑን ሩጫ የሮጠው ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነበር። አንደኛ ሆኖ ከገባ በኋላ በሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹ ሁሉ ተደነቀ። ያ እርጋታ ለታይታ የተደረገ አልነበረም፤ የብዙ ዓመት ልምምድ ያፈራው ነበር።

ነገር ግን ብርታት ዕውቀትን አይተካም። ትምህርቱን ሳያዘጋጅ የገባ መምህር ጡንቻው አያድነውም።

ትሕትናና መጎበጥ

አንዳንድ ሰው ቀና ብሎ መሄድን እንደ ትዕቢት ይቈጥረዋል። አንገት መድፋት በእኛ ዘንድ የጨዋነት ምልክት ነውና ለታላቅ ዝቅ ብሎ እጅ መንሣት መልካም ነው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ጎብጦ መዋል ትሕትና አይደለም። በተለይ ልጃገረዶች ደረታቸውን እንዲሸሽጉ እየተነገራቸው ትከሻቸውን አጥፈው ያድጋሉ፤ እናቶችና መምህራን ይህን እንዲያርሙላቸው አደራ እንላለን።

ሌላው ጉዳት «የተማረ ሰው ዕቃ አይሸከምም» የሚለው አስተሳሰብ ነው። እኛም ባሕር ማዶ ለትምህርት በደረስንበት ቀን፣ ሻንጣችንን ወደ ፎቅ የሚያወጣልን ሰው ቆመን ስንፈልግ፣ አንድ ሽበታም ፕሮፌሰር ሁለት ሻንጣቸውን በገዛ እጃቸው ይዘው በአጠገባችን አለፉ። ያን ቀን ያፈርነው እፍረት እስከ ዛሬ ይጠቅመናል።

ልምምዱ

የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ዐዋቂ ሰው ዋና ዋና ጡንቻዎቹን የሚያጠነክር ልምምድ በሳምንት 2 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲያደርግ ይመክራል፤ ከዚህም ጋራ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል። ለዚህም ውድ መሣሪያ አያሻም፤ የሚከተለው ይበቃል።

1ኛ. ከማይንሸራተት ወንበር ላይ በእጅ ሳይደገፉ መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ።

2ኛ. ከግድግዳ አንድ እርምጃ ርቆ፣ መዳፍን በግድግዳው ላይ አሳርፎ፣ ክርንን እያጠፉ መጠጋትና መግፋት። ይህ ሲቀልል በጠረጴዛ ጠርዝ፣ ቈይቶም በመሬት ላይ ማድረግ ይቻላል።

3ኛ. 5 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን በአንድ እጅ ይዞ፣ በሌላው እጅ ጠረጴዛ ተደግፎ፣ ከወገብ ጥቂት በማዘንበል ጀርባን ሳያጎብጡ ጀሪካኑን ወደ ጎድን መሳብ። ይህ ትከሻን ወደ ኋላ የሚይዙትን ጡንቻዎች ያበረታል።

4ኛ. በጀርባ ተኝቶ፣ ጕልበትን አጥፎ፣ ዳሌን ከመሬት ማንሣትና ቀስ ብሎ መመለስ።

እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ አድርጎ፣ ጥቂት ዐርፎ አንድ ጊዜ መድገም ለጀማሪ ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብርታት የሚጨምረው ነርቮች ጡንቻን ማዘዝ ስለሚማሩ ነው፤ የጡንቻው መወፈር ከዚያ በኋላ ይከተላል። ስለዚህ በመስተዋት ለውጥ አላየሁም ብሎ መተው አይገባም።

ማስጠንቀቂያ

በልምምድ ጊዜ ትንፋሽን አፍኖ መያዝ የደም ግፊትን በድንገት ከፍ ያደርጋል፤ ሲያነሡ ማውጣት፣ ሲመልሱ ማስገባት ይገባል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ በቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር እናት አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ። የወገብ ሕመም ወደ እግር ወርዶ ቢያደነዝዝ ወይም እግርን ቢያሰንፍ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው፤ ሽንትን ወይም ዐይነ ምድርን መቈጣጠር ቢያቅት ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ከላይ ያነሣናቸው መምህር በርጩማውን ትተው ደብተሩን በጠረጴዛ ላይ ማረም ጀመሩ፤ ልምምዱንም በሳምንት 3 ቀን ያዙ። ከ4 ወር በኋላ ስንገናኝ ሕመሙ ፈጽሞ አልጠፋላቸውም ነበር፤ ነገር ግን ሥራውን የመተው ነገር ከአፋቸው አልወጣም። የተማሪዎቻቸውን ደብተር በከረጢት ሞልተው ራሳቸው ተሸክመው ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር። አንድ ተማሪ ሊቀበላቸው ቢሮጥ፣ «ተወው ልጄ፣ ይህ የእኔ ልምምድ ነው» ብለው መለሱለት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ዛሬ ማታ ደብተር ለማረም ወይም ለማንበብ ከመቀመጣችሁ በፊት ከወንበራችሁ 8 ጊዜ ተነሥታችሁ ተቀመጡ። መጀመሪያው ይህ ይሁን።