የፈተና ወቅት፦ ድካም የማጥናት ማስረጃ አይደለም

የሴሚስተሩ ትምህርት ሲያልቅ ዕረፍት የመጣ የሚመስለው ከውጭ ለሚያይ ሰው ነው። ግቢው ጭር ይላል፣ መምህራኑ አይታዩም፣ ተማሪው ቤት ይውላል። እኛ ግን ከባዱ ሥራ ገና መጀመሩ እንደሆነ እናውቃለን። አምስት ስድስት ፈተና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደረደራል። ሞዔድ አሌፍ ሳያልቅ ሞዔድ ቤት ይደርሳል። በመካከሉ የሥራ ፈረቃ አለ፣ የሚልጋ ሰዓት አለ፣ በጁላይና በኦገስት ደግሞ የሠርጉ ጥሪ አያልቅም።

በዚህ ወቅት ብዙዎቻችን ራሳችንን የምንለካው በድካማችን ነው። ስንት ሰዓት ተቀመጥኩ? ስንት ሌሊት ነጋብኝ? ስንት ገጽ አሰመርኩ? መለኪያው ግን ያታልላል። የደከመ ሁሉ አላጠናም፤ በደንብ ያጠና ሁሉም መዛል የለበትም። ብዙ ጊዜ ኃይላችንን የሚጨርሱት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የአጠናን ዘዴያችን፣ ያጎደልነው ዕረፍት፣ እና ፈተና ላይ መሆናችንን የማያውቅ ቤት። በየተራ እንያቸው።

መዛል ምንድን ነው?

በዕብራይስጥ "ሽሒካ" የምንለው ነገር ከተራ ድካም ይለያል። ቃሉ ራሱ ተፈግፍጎ ማለቅን ያመለክታል። ሄርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የኒውዮርክ የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለዚህ ጉዳይ በ1974 ጻፈ። ያስተዋለው በነፃ ክሊኒኮች የሚያገለግሉ ሰዎችን ነበር። በታላቅ ፍላጎት ይጀምራሉ፤ ከጊዜ በኋላ ግን ከውስጥ ባዶ ይሆናሉ። ከእሱ በኋላ ክርስቲና ማስላክ የተባለች ተመራማሪ ሦስት ምልክቶችን ለየች፦ ኃይል ተሟጦ ማለቅ፣ ልብን ከሥራው ማራቅ፣ እና "ምንም አልሠራሁም፣ አልችልምም" የሚል ስሜት። ተመራማሪዎች ዛሬ እነዚሁን ምልክቶች በተማሪዎችም ላይ ይለካሉ።

በእኛ ሕይወት እንዲህ ይታያሉ። ስምንት ሰዓት ተኝታችሁ ስትነሡ እንዳልተኛችሁ ይሰማችኋል። በፍቅር የጀመራችሁትን ትምህርት "ምን ይረባል" ማለት ትጀምራላችሁ። አንድ ገጽ አራት ጊዜ አንብባችሁ ምን እንዳለ አታውቁም፤ ከዚያም "ድሮም ለዩኒቨርሲቲ አልተፈጠርኩም" ትላላችሁ። ተራ ድካም ተኝተው ሲነሡ ይለቃል፤ መዛል ግን አብሮ ይነሣል።

ለብዙዎቻችን ደግሞ አንድ ፈተና መውደቅ የራሳችን ጉዳይ ብቻ አይመስለንም። ከቤቱ የመጀመሪያው ሆኖ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ የወላጆቹን ተስፋና የታናናሾቹን መንገድ ተሸክሞ ነው ፈተና ክፍል የሚገባው። ይህ ሸክም ኃይል ይሰጣል፤ ሳይታወቅ ሲከብድ ግን ያዝላል።

ማንበብ ሌላ፣ ማጥናት ሌላ

አብዛኛው ተማሪ የሚያጠናው ደጋግሞ በማንበብ ነው። ሲኩሚሙን ይከፍታል፣ ያሰምራል፣ እንደገና ይጀምራል። በሦስተኛው ንባብ ነገሩ ሁሉ የታወቀ ይመስለዋል። ይህ መተዋወቅ እንጂ ማወቅ አይደለም። ሰፈራችሁ በየቀኑ የምታዩትን ሰው መልኩን ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ተናገሩ ብትባሉ ግን ትቸገራላችሁ። ፈተና መልክ ሳይሆን ስም ነው የሚጠይቀው።

በ2006 ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል ሙከራ አሳተሙ። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስቱ ወረቀቱን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፦ ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ያህሉን፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። በ2013 ደግሞ ጆን ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የአጠናን ዘዴዎችን ገምግመው ማስመርንና ደጋግሞ ማንበብን ከዝቅተኞቹ፣ ራስን መፈተንንና ጥናትን በጊዜ መዘርጋትን ከከፍተኞቹ መደቡ።

እንግዲህ በተግባር ምን እናድርግ? አንድ ክፍል ካነበባችሁ በኋላ ዝጉት። ባዶ ወረቀት አውጥታችሁ የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ። ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ። የሚቀጥለው ጥናት በዚያ ቀለም ላይ ነው፤ የምታውቁትን እንደገና ለማንበብ ጊዜ አታባክኑ። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችንም በመጨረሻው ሌሊት ሳይሆን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሩ።

እኛ ደግሞ ሌላው ተማሪ የሌለው አንድ መሣሪያ አለን፤ አማርኛ። የዕብራይስጥ ወይም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ሐሳቡን በአማርኛ ለአንድ ሰው አስረዱ። ለምሳሌ የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ስለ ጆን ቦልቢ የ"ሂትካሽሩት" ንድፈ ሐሳብ ይማራል። ቃሉን በዕብራይስጥ መሸምደድ ቀላል ነው። ለአያታችሁ ግን እንዲህ ብላችሁ ንገሯቸው፦ "ሕፃን ልጅ ወተት ስለሚያጠባው ብቻ አይደለም ሰው የሚወደው፤ ሲፈራ የሚሸሽበት አንድ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው አለሁ ካለው ደግሞ ርቆ ሄዶ ለመጫወት ይደፍራል።" አያታችሁ ልጅ አዝለው ያሳደጉ ናቸውና አንቀልባን ጠቅሰው ይመልሱላችኋል፤ እናንተም ፈተና ላይ የማትረሱት ምሳሌ ታገኛላችሁ። በአማርኛ ማስረዳት ካቃታችሁ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለው አማርኛው ሳይሆን ነገሩን መረዳቱ ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ በራሱ ላይ ለክቶ አሳይቷል። አዲስ የተያዘ ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት ይረሳል፤ በቀናት ተከፋፍሎ የተጠና ግን በአንድ ጊዜ ከተጨናነቀው ይልቅ በጥቂት ድካም ይያዛል።

ፈተና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀረው፣ ኮርሱም 12 ትምህርት አለው እንበል። ከእሑድ እስከ ዓርብ በቀን ሁለት ሁለት ትምህርት ብታጠኑ በመጀመሪያው ሳምንት ኮርሱ ያልቃል። ግን በየቀኑ አዲሱን ከመክፈታችሁ በፊት 20 ደቂቃ የትናንቱንና ከዚያ በፊት የነበረውን ያለ ወረቀት አስታውሱ። ቅዳሜ ምንም አትክፈቱ። ሁለተኛው ሳምንት የድሮ ፈተናዎችን በሰዓት ለክቶ መሥራት፣ ክፍተትን መሙላት ነው። ሁለት ኮርስ ከተደራረበ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይከፋፈሉ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። "ሞዔድ ቤት አለልኝ" ማለት። ሞዔድ ቤት ለታመመ፣ ላልቀናው፣ ለተቸገረ መጠባበቂያ ነው። ሁሉን ወደዚያ የገፋ ሰው ሁለተኛውን ወቅት ያለ ዕረፍት ይጀምራል፤ የሚቀጥለውንም ሴሚስተር ዝሎ ይገባል። ውጤት ለማሻሻል የምትፈተኑ ከሆነም አስቀድማችሁ ደንቡን አንብቡ፤ በብዙ ተቋማት የሚያዘው የመጨረሻው ውጤት እንጂ የበለጠው አይደለም።

ዕረፍት የጥናቱ ክፍል ነው

በ1924 ጄንኪንስና ዳለንባክ የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት ተማሪዎችን ትርጉም የሌላቸው ቃላት አስጠኑ። ተማሪዎቹ አጥንተው ሲተኙ ያስታወሱት፣ አጥንተው ያንኑ ያህል ሰዓት ነቅተው ከቆዩበት ጊዜ እጅግ ይበልጥ ነበር። አእምሮ የተቀበለውን የሚያደላድለው በእንቅልፍ ሰዓትም ነው። ሌሊቱን ሙሉ አጥንቶ መፈተን እንጀራ ጋግሮ ሳይበስል እንደማውጣት ነው።

ቡናውንም እናስብበት። ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ማታ 6:00 ላይ አቦሉን የጠጣ ሰው ሌሊት 11:00 ላይ ግማሹ ገና በደሙ ውስጥ ነው። ቶናና በረካ ሲጨመር ደግሞ ለራሳችሁ አስሉት። የቡናው ጨዋታ አይቅርባችሁ፤ ሰዓቱ ግን ወደ ቀን ይምጣ።

በቀኑ ውስጥም አጫጭር ዕረፍት ያስፈልጋል። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ ያስለመደው ዘዴ 25 ደቂቃ ሥራና 5 ደቂቃ ዕረፍት ነው። ቁጥሩን ለራሳችሁ አስተካክሉት። ስልኩ ግን ሌላ ክፍል ይቀመጥ፤ በዕረፍቱም ቆማችሁ ተራመዱ። ስልክ ላይ የሚያልፍ አምስት ደቂቃ ዓይንን አያሳርፍም።

ሰንበትን በተመለከተ ወላጆቻችን በኢትዮጵያ በየመንደሩ ዓርብ ሳይመሽ እሳት አጥፍተው ሰንበትን ሲጠብቁ፣ አዝመራ ሜዳ ላይ እያለም ያርፉ ነበር። ሃይማኖተኛ ሁኑም አትሁኑም፣ ሥራ ሳያልቅ ማረፍ የሚቻል መሆኑን የሚያውቅ ቤት ነው ያሳደጋችሁ። በፈተና ወቅት በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ማረፍ ስንፍና አይደለም።

ቤቱ ይወቅ

የአጠናን መጻሕፍት የማያነሡት አንድ ነገር አለ፤ ቤት። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ የሠራች ሴት ናት። አንድ የፈተና ሰሞን "ልጄ፣ ቁጭ ብለሽ ነው የዋልሽው፤ ምን አደከመሽ?" አለችኝ። በነገር ልትወጋኝ አልነበረም፤ ከልቧ ነው የጠየቀችኝ። ሥራ ማለት ላብ ሆኖ በኖረበት ቤት፣ መጽሐፍ ፊት የተቀመጠ ሰው ያረፈ ይመስላል። ትምህርት አልቋል ከተባለ ደግሞ ቁፓት ሆሊም አብሮ ለመሄድ፣ ደብዳቤ ለመተርጎም፣ ታናሽ ለመጠበቅ የሚጠራው እሱ ነው።

መፍትሔው መቆጣትም በር መዝጋትም አይደለም፤ መንገር ነው። ሦስት ነገሮች ይረዳሉ። አንደኛ፣ የፈተና ቀኖቹን በትልቁ በአማርኛ ጽፋችሁ ፍሪጅ ላይ ለጥፉ፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ደግሞ ቀኖቹን በቀይ ከባችሁ አንድ በአንድ በቃል ንገሯቸው። ሁለተኛ፣ "አልችልም" ከማለት "ማክሰኞ ተፈትኜ ረቡዕ ጠዋት አብሬሽ እሄዳለሁ" በሉ። ቀን የተቆረጠለት እምቢታ አያስቀይምም። ሦስተኛ፣ የቁፓት ሆሊሙንና የደብዳቤውን ተራ ለወንድምና ለእህት አከፋፍሉ፤ ታናሹም የሚችለውን ይማራል።

ለቅሶና ሠርግ ግን በሠንጠረዥ አይመጡም። ለቅሶ መቅረት ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቀርቶ የሚያጠና ሰውም ልቡ እዚያው ነው። ሄዳችሁ አንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ ብትመለሱ፣ ስትጨነቁ ከምታሳልፉት ቀን ይሻላል። የቅርብ ሰው ከሞተባችሁ ደግሞ ለፈተና አትጋደሉ፤ ለልዩ ሞዔድ ማመልከት የሚቻልበት ደንብ መኖሩን ጠይቁ። የሥራ ፈረቃንና የሚልጋ ሰዓትን በተመለከተ አሠሪያችሁንና አስተባባሪያችሁን ፈተናው ከመጀመሩ አንድ ወር በፊት አነጋግሩ፤ በሳምንቱ ውስጥ የሚቀርብ ጥያቄ ሰሚ አያገኝም።

መብታችሁንም እወቁ

በ2007 የወጣው የተማሪ መብት ሕግ ለፈተና ሁለት ሞዔድ እንዲኖር ይደነግጋል፤ የታረመ ፈተናችሁንም የማየት መብት ይሰጣችኋል። ለሚሉኢም፣ ለእርግዝናና ለወሊድም ማስተካከያ አለ። የተጨማሪ ሰዓት፣ የቋንቋ ድጋፍና የማስጠኛ ሰዓት ከተቋም ተቋም ይለያያልና ወደ ዲካናት ቢሮ ሂዱ። መጠየቅ ልመና አይደለም፤ በስማችሁ የተመደበን ነገር መውሰድ ነው። ከፈተና በኋላ ደግሞ ወድቃችሁም ሆነ አልፋችሁ ወረቀቱን እዩ፤ የት እንደተሳሳቱ ሳያዩ ለሞዔድ ቤት መቀመጥ ያንኑ መንገድ እንደገና መሄድ ነው።

እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ከሰው መሸሽ ካመጣ፣ ወይም "ባልኖር ይሻላል" የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ይህ የአጠናን ዘዴ ጉዳይ አይደለም። በየተቋሙ የሥነ ልቦና ምክር አገልግሎት አለ። በ1201 ስልክ የሚሠራው ዔራንም በማንኛውም ሰዓት ይሰማል። ጓደኛችሁ ላይ ካያችሁት ደግሞ "አይዞህ፣ ያልፋል" ብላችሁ አትለፉ፤ አብራችሁ ደውሉ፣ አብራችሁ ሂዱ።

ዛሬ ማታ ሁለት ወረቀት አውጡ። በአንዱ ላይ የመጀመሪያውን ኮርስ ርዕሶች ሳታዩ ጻፉ፤ የቀረው ምን እንደሆነ ያሳያችኋል። በሌላው ላይ የፈተና ቀኖቻችሁን ጻፉና ፍሪጁ ላይ ለጥፉት። ከዚያ ተኙ።