ገዢ ያጣ መኪና ወለዱ በማን ይቆጠራል?

እ.ኤ.አ. በ2008 መጨረሻ በካሊፎርኒያው የሎንግ ቢች ወደብ አዳዲስ መኪኖች ተከማችተው፣ ቶዮታና መርሴዲስ ተጨማሪ መሬት እስከ መከራየት ደርሰው ነበር። ገዢ ከሌለ ለምን ይመረታል?

መልሱ ያለው በአስተዛዘዙ ላይ ነው። በአሜሪካ ፋብሪካው በአመዛኙ የሚሸጠው ለአከፋፋዩ እንጂ ለተጠቃሚው አይደለም። አከፋፋዩ ቀደም ሲል በሸጠው መጠን ኮታ ይደለደልለታል፤ ትእዛዙም ከወራት በፊት ይሰጣል። መኪናውን በብድር ይረከባል፤ እስኪሸጥ ድረስ ወለዱ በእርሱ ላይ ይቆጠራል። በገበያው ልማድ ለ60 ቀን ያህል የሚበቃ ክምችት ጤነኛ ይባላል።

ገበያው ድንገት ሲቀዘቅዝ አከፋፋዩ ኮታውን አልረከብም ይላል። የተጫነው መርከብ ግን አይመለስም፤ የፋብሪካው ቋሚ ወጪም ምርት ቢቆም አይቀርም። ስለዚህ መኪናው ወደብ ላይ ይቀራል፤ ሸክሙም ወደ አምራቹ ይዞራል። ቶዮታ እስከ መጋቢት 2009 በነበረው የበጀት ዓመት ከሰረ፤ ጄኔራል ሞተርስም በዚያው ዓመት ሰኔ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ።

በ2021 በቺፕ እጥረት ሳቢያ ነገሩ ተገለበጠ፤ የአከፋፋዮች ግቢ ተራቁቶ ብዙ መኪኖች ከተለጠፈባቸው ዋጋ በላይ ተሸጡ።

ለአስመጪ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ የትላንት ሽያጭ የነገን ትእዛዝ አይወስንም። ከማዘዙ በፊት ዕቃው ሳይሸጥ ቢቆይ ወለዱን ለስንት ወር እንደሚችል ማስላት ይኖርበታል።