የአክሶሎትል እጮችን በየካ ከፍታ ማሳደግ፦ ደጋው የሚያቀልለውና የሚያከብደው

አክሶሎትል ዛሬ በተፈጥሮ የሚገኘው በሜክሲኮ ሲቲ ደቡብ ባሉት የሶቺሚልኮ የውኃ ቦዮች ብቻ ሲሆን፣ በዱር ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ የሳላማንደር ዝርያ ነው። የተቆረጠ እግሩን መልሶ ማብቀል ስለሚችል ግን በዓለም ዙሪያ በቤተ ሙከራዎችና በቤት አኳሪየሞች ይራባል። ዕድሜውን ሙሉ ስንጥቡን እንደያዘ ውኃ ውስጥ ስለሚኖር፣ እርሱን መንከባከብ በዋናነት ውኃውን መንከባከብ ነው። ይህ ጽሑፍ እጮቹ በእንጦጦ ግርጌ በምትገኘው የካ ክፍለ ከተማ ቢያድጉ ከፍታው ምን እንደሚያቀልልና ምን እንደሚያከብድ ያብራራል።

ቀላሉ ጉዳይ ሙቀት ነው። ሶቺሚልኮ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ የካም ከዚያ ከፍ ትላለች። ለአክሶሎትል የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ውኃ ነው፤ ከ24 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ከቆየ ይታመማል። በመሆኑም በቆላ ከተሞች የግድ የሚሆነው የውኃ ማቀዝቀዣ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ አኳሪየሙን ፀሐይ ከማይመታው ስፍራ ማኖር ይበቃል።

በአንጻሩ ኦክስጅን ይቀንሳል። በ2,400 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ስለዚህ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ውኃ በባሕር ጠለል በሊትር 9.5 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ የሚይዘው 7 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ይህ ለእጮቹ ያንሳል ባይባልም፣ የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ስለሚሻማ ለቸልተኝነት የሚተርፍ አይሆንም። ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ገጹ ሰፊ የሆነ ዕቃ ይመረጣል።

ቅዝቃዜውም ዋጋ ያስከፍላል። ከእንስሳቱ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች በቀዝቃዛ ውኃ የሚራቡት በዝግታ ነው፤ እስኪደላደሉ ከአንድ ወር በላይ ሊወስዱ ይችላሉ። እንቁላሉ ግን በሁለትና በሦስት ሳምንት መካከል ይፈለፈላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በማጣሪያ ከመተማመን ይልቅ ውኃውን በየቀኑ መለወጥ ይመረጣል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲለቅቀው ክፍት ባልዲ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ሊያድር ይገባዋል።

አዲስ የተፈለፈሉ እጮች ርዝመታቸው 11 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀናት በቀሪው አስኳል ይቆያሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚያድኑት የሚንቀሳቀስ ነገር ብቻ ነው። የተለመደው ምግባቸው አርቴሚያ የተባለው ጥቃቅን የጨው ውኃ እንስሳ ነው። የአርቴሚያ እንቁላል በ27 ዲግሪ አካባቢ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ በየካ ቤቶች ግን ጨዋማው ውኃ በአምፖል ካልሞቀ ይዘገያል። የተፈለፈለው አርቴሚያ ጨው በሌለው ውኃ ታጥቦ ይሰጣል። የተራቡና የተጨናነቁ እጮች አንዱ የሌላውን እግርና ስንጥብ ስለሚነክሱ በመጠናቸው ለይቶ ማኖር ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ውኃው ከአኳሪየሙ ከወጣ በኋላ የሚነሣው ነው። ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ አንድም አገር በቀል ሳላማንደር የለም። የኢትዮጵያ ደጋ ግን በሌላ አገር የማይገኙ የእንቁራሪት ዝርያዎች መኖሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የእንቁራሪቶችን ቆዳ የሚያጠቃው የኪትሪድ ፈንገስ በዚሁ ደጋ በበርካታ ዝርያዎች ላይ በስፋት መገኘቱን አሳይቷል። በንግድ የሚዘዋወሩ እንስሳት ይህንን ፈንገስም ሆነ ሌሎች ተሕዋስያንን ተሸክመው ሊመጡ ይችላሉ። ስለሆነም ያገለገለ ውኃ በበረኪና ሳይታከም ከእንጦጦ ወደሚወርዱት እንደ ቀበና ያሉ ወንዞች በሚያደርስ ቦይ መደፋት የለበትም፤ እንስሳውም ፈጽሞ መለቀቅ የለበትም። በቆላ ቢያመልጥ ሙቀቱ ሊገድለው ይችላል፤ በእንጦጦ ጅረቶች ግን ለአርቢው ሥራውን ያቀለለለት ቅዝቃዜ ላመለጠውም እንስሳ ይመቸዋል።