ቀድመው ተማሪ የሆኑት መምህር

በአዊ ዞን፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ዙሪያ በግብርና ሙያ የተሰማራ ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ሥራ ሲጠቃለል፣ ገበሬውን ከለመደው አሠራር ወደ ሌላ አሠራር መጥራት ነው። ጥሪው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። የባንጃና የፋግታ ለኮማ ደጋ አፈር በአሲድ የተጠቃ መሆኑ፣ ኖራ ደግሞ አሲዱን እንደሚያበርድ የታወቀ ነው። ግን ትክክለኛ ምክር ሁሉ ተቀባይ አያገኝም። የልማት ሠራተኛው (ዲኤው) በአማርኛ ያስረዳል፤ በቤቱም በማሳውም አውንጊ የሚናገረው ገበሬ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ ስብሰባው በሰላም ይበተናል፤ ኖራው ግን መጋዘን እንደተከመረ ክረምቱ ይገባል። ሪፖርቱ ላይ «ግንዛቤ ተፈጥሯል» ተብሎ ይሰፍራል። ጥፋቱን በገበሬው ግትርነት ማሳበብ ይቀናናል። እኔ ግን የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው እላለሁ፤ ሳንማር ማስተማር እንጀምራለን። ለዚህ በማስረጃነት የምጠቅሰው ሰው ከግብርና ጋር ግንኙነት የላቸውም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1975 ቅዱስ ብላ ያወጀቻቸው፣ የአገራችን ሰው «አባ ያዕቆብ» ይላቸው የነበሩት ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ናቸው (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)።

ደ ያቆቢስ በ1800 በደቡብ ጣሊያን ሳን ፌሌ ተወልደው፣ በላዛሪስት ማኅበር ካህን ሆነው፣ በ1839 ዓድዋ ገቡ። አገሩ ለካቶሊክ መምህር ጥርጣሬ እንጂ ፍቅር አልነበረውም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የካቶሊኩ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የዐፄ ሱስንዮስን ሥልጣን ተደግፈው፣ ጥምቀቱም ክህነቱም እንደገና ይሁን በማለት የሕዝቡን ሥርዓት ከላይ ወደ ታች ሊለውጡ ሞክረው ነበር። ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ንጉሡም በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት ለመመለስ ተገደዱ። ደ ያቆቢስ በመሠረቱ ያንኑ እምነት ይዘው ቢመጡም አመጣጣቸው ሌላ ነበር። ሕዝብ ሰብስበው ከመስበክ በፊት የአገሩን ቋንቋዎች ለመማር ተቀመጡ፤ እንደ አገሩ መነኩሴ ለበሱ፤ እንደ አገሩ ሰው ኖሩ። የግዕዙን ሥርዓተ ቅዳሴም በላቲኑ የሚተካ አድርገው አላዩትም። በ1841 የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ጳጳስ ለማምጣት የሚሄዱትን መልእክተኞች እንዲያጅቡላቸው ሲጠይቁ፣ ጉዞው እስከ ሮም እንዲዘልቅ ተስማምተው አብረው ወጡ። በዚያ ጉዞ የተገኙት ጳጳስ አቡነ ሰላማ ኋላ ዋነኛ ባላጋራቸው ሆነዋል።

የዚህ አካሄድ ፍሬ በጉልህ የሚታየው በጎጃሜው አባ ገብረ ሚካኤል ላይ ነው። በመርጡለ ማርያም የመነኮሱት እኒህ አንድ ዓይና ሊቅ፣ ቅባትና ተዋሕዶ፣ ሁለት ልደትና ሦስት ልደት እየተባለ ሊቃውንቱ በተከፋፈሉበት ዘመን መልስ ፍለጋ ከገዳም ገዳም፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ የዞሩ ሰው ነበሩ። በ1841 ከተላኩት መልእክተኞችም አንዱ እሳቸው ነበሩ። ጎጃምና ጎንደር ያስተማራቸው ሊቅ በአዋጅ አይማረኩም፤ የሚቀርባቸው አብሮ የሚመረምር ሰው ነው። በ1844 የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ በ1851 ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ከደ ያቆቢስ እጅ ክህነት ተቀበሉ። በመካከሉ ጓላ በተቋቋመው የካህናት ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ትምህርተ ክርስቶሱን በአገር ቋንቋ በማዘጋጀትም ረዱ። መምህሩ በተማሪው እውቀት ይቆሙ ነበር ማለት ነው። በ1854 ሁለቱም ጎንደር ላይ ተያዙ። ደ ያቆቢስ ከእስር በኋላ ከአገር ሲባረሩ፣ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በሰንሰለት እንደታሰሩ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር እየተጎተቱ በ1855 አረፉ። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1926 ብፁዕ ብላቸዋለች።

እዚህ ላይ አብዛኛው የአዊ ሰው ኦርቶዶክስ ነውና፣ ምእመናንን ከቤተ ክርስቲያናቸው ሊወስድ የመጣን ሰው እንዴት አርአያ እናደርጋለን የሚል ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በማለባበስም አይመለስም። ሚሲዮኑ ከፖለቲካ ንጹሕ አልነበረም፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ተቀናቃኝ አገው ንጉሤ ከፈረንሳይ ጋር ሲላላክ ደ ያቆቢስ በመካከል ነበሩበት፤ በዚህም ዳግም ታስረዋል። አቡነ ሰላማም መንጋቸውን ለመጠበቅ መነሳታቸው የሚያስገርም አይደለም። እኔ የምለው ግን ስለ ትምህርቱ አይደለም። ሜንዴዝና ደ ያቆቢስ በእምነት አንድ ሆነው ሳለ አንዱ አገር ሲያናውጥ፣ ሌላው የጎጃምን ሊቅ ወዳጅ ካደረገ፣ ልዩነቱ ያለው በአቀራረባቸው ላይ ነው። አቀራረቡን ለመማር ደግሞ እምነቱን መቀበል አያስፈልግም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከዚህ ይከብዳል፦ የአገር ልብስ መልበስና ቋንቋ መማር እኮ ሰውን ማጥመጃ ብልሃት ነው ይባላል። ብልሃትን ከአክብሮት የሚለየው ዋጋ ማስከፈል ሲጀምር መቀጠሉ ነው፤ ብልሃተኛ ትርፉን አስልቶ ይመለሳል። ደ ያቆቢስ ግን እስከ 1860 ድረስ፣ ሃያ አንድ ዓመት፣ ታስረውም ተባረውም ከዚህ ሕዝብ አልተለዩም፤ የሞቱትም ሄቦ አጠገብ አሊጋዴ በተባለ ሸለቆ መንገድ ላይ ነው። ከዚህም በላይ ሥራውን ለአገሩ ልጆች አስረከቡ፤ ያገሩን ሰዎች ካህናት አድርገው ሾሙ። ማጥመድ የሚፈልግ ሰው ገመዱን ለሌላ አያስረክብም።

የኛ የግብርና ባለሙያዎች መልስ ደግሞ አጭር ነው፦ ጊዜ የለንም፤ ኮታው ይጠብቃል፣ ቅያሬውም ቅርብ ነው። ግን ሳይሰሙ መቸኮል ጊዜ አያተርፍም፤ ለዚህ ምስክሩ እዚሁ ደጃችን ነው። ፋግታ ለኮማን አረንጓዴ ያለበሰው ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ይሁን እንጂ፣ በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ማብቀሉን፣ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ማጨዱን፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ደግሞ ከሰል አክስሎ አዲስ አበባ ማድረሱን ሥርዓት ያስያዘው ገበሬው ነው። በአሲድ የተጎዳውን ማሳ በዚህ ዙር ሲያገግም ያየው እሱ፤ ምርምሩ የመጣው ኋላ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዛፉን በሽታ ሲመታው ግን የገበሬው ልምድ ብቻውን አልበቃም፤ ሙያችን የሚፈለገው ይህን ጊዜ ነው። ያኔ የሚደመጠው አስቀድሞ ያዳመጠ ባለሙያ ነው። ስለዚህ አዲስ የተመደበ ባለሙያ የመጀመሪያው ክረምት ተግባሩ የሰለጠነ ገበሬ መቁጠር ሳይሆን፣ በአውንጊ ሰምቶ መረዳትና ከየማሳው የተማረውን መጻፍ ይሁን። የሩብ ዓመቱ ሪፖርትም «ያስተማርነው» ከሚለው ዓምድ በፊት «የተማርነው» የሚል ይኑረው፤ ያ ዓምድ ባዶ ከሆነ የቀጣዩን አኀዝ ማንም ባያምነው አይገርምም።