እንጅባራና ዳንግላ፦ ከመኪና መስኮት የማይታየው አዊ

በአባይ በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው አዊ ዞን መድረሱን በብርዱ ያውቀዋል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍ ባለ ደጋ ላይ ናት። መኪናው ለምሳ ወይም ለሻይ ይቆማል፣ ተሳፋሪው እግሩን ያፍታታል፣ ጉዞው ይቀጥላል፤ አዲስ ቅዳምና ዳንግላ በመስኮት ታይተው ያልፋሉ። በዚህች አጭር ቆይታ የተያዘ አስተያየት ግን ዕድሜው ረጅም ነው። አዊ ደኑን በከሰል እየጨረሰ ያለ አገር ነው፤ ከድንች በቀር የሚበላ የለውም፤ ፈረሱ በዓመት አንድ ቀን ለትርኢት ይወጣል፤ ቋንቋውም የአማርኛ ቅርንጫፍ ነው ይባላል። እነዚህ አባባሎች የተለያዩ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ ሁሉም የአንድን ሥራ መጨረሻ ብቻ አይተው የተነገሩ ናቸው። ከሰሉ ማዳበሪያ ውስጥ ከመግባቱ፣ እህሉ ሳህን ላይ ከመቅረቡ፣ ፈረሱ ሜዳ ከመውጣቱ በፊት የነበረው ልፋት ከመንገድ ላይ አይታይም። ወደ አዊ የሚሄድ እንግዳ ምን እንደሚገዛ፣ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚጎበኝ ሊወስን የሚችለው ያንን ልፋት ሲያውቅ ነው።

ከሁሉም በላይ ሥር የሰደደው የከሰሉ ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ መጀመር ይሻላል። በእንጅባራና በዳንግላ መካከል፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ በማዳበሪያ ተሞልቶ መንገድ ዳር የተደረደረውን ከሰል ያየ ሰው ከጀርባው የተመነጠረ የተፈጥሮ ደን ቢታየው አይፈረድበትም፤ በብዙ የአገራችን ክፍል ከሰል ማለት እሱ ነውና። እዚህ ግን ከሰሉ በአብዛኛው የሚመጣው ገበሬው ራሱ በማሳው ላይ ከተከለው ዲከረንስ ነው። ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዝርያ በችግኝ ጣቢያ ይፈላል፣ ክረምት ላይ ይተከላል። በመጀመሪያው ዓመት በችግኞቹ መካከል ጤፍ ይዘራል። ዛፉ ከፍ ሲል ደግሞ ከሥሩ የሚበቅለው ሣር ለከብት ይታጨዳል። ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉ ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ በአፈር ተዳፍኖ ይከሰላል፤ መሬቱም ተመልሶ ይታረሳል። ዲከረንስ ከጥራጥሬ ወገን ስለሆነ በሥሩ ናይትሮጅን ለአፈሩ ይተዋል፤ በአሲድነት ተጎድቶ እህል አልሰጥ ላለው የደጋ መሬት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሳተላይት ምስሎችን ያነጻጸሩ ጥናቶችም ተከላው በተስፋፋባቸው ዓመታት በወረዳው በዛፍ የተሸፈነው መሬት እንደሰፋ አሳይተዋል። መንገደኛው ደን ሲያልቅ ያየ ይመስለዋል፤ ያየው ግን የአዝመራ መሰብሰብን ነው።

ይህን ሲሰሙ የሚቃወሙ አሉ፤ ተቃውሟቸውም ሊደመጥ ይገባል። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተተከለበት መሬት የተፈጥሮ ደንን አይተካም ይላሉ፤ እውነት ነው። በራሱ የበቀለ ዝግባና በችግኝ የተተከለ ዲከረንስ ለወፍም ለምንጭም እኩል አይደሉም። አንድን ዛፍ ብቻ ማመን አደጋ አለው ይላሉ፤ ይህም በተግባር ታይቷል። በቅርብ ዓመታት የዝገት በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ አጥቅቷል፣ ኑሮውን በዲከረንስ ላይ የመሠረተ ገበሬም ክፉኛ ተጎድቷል። የከሳዩ ሳንባ በጭሱ መጎዳቱም የሚካድ አይደለም። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ አንድ የእርሻ ሥራ ያሉበት ችግሮች ናቸው፤ «ደን ጨራሽ» የሚለውን ፍርድ አያቆሙትም። ችግሩ በበሽታና በጭስ ላይ እያለ ገበሬውን በምንጣሮ መክሰስ መፍትሔውን ከቦታው ያርቀዋል። ገዢ ማድረግ ያለበት ቀላል ነገር አለ፤ ከሰሉ ከየትኛው ዛፍና ከማን ማሳ እንደመጣ ሻጩን መጠየቅ። የዲከረንስ ሻጭ ይህን ለመመለስ አያፍርም።

ቀርከሃውም እንዲሁ በችኮላ ይታለፋል። በእንጅባራ ዙሪያ የሚበቅለው የደጋ ቀርከሃ ሣር እንጂ ዛፍ አይደለም፤ በየዓመቱ አዲስ ቡቃያ ስለሚያወጣ በአግባቡ የሚቆርጥ ሰው ጫካውን ሳያጠፋ ዕድሜ ልኩን ይጠቀምበታል። ከእሱ የሚሠሩትን ወንበር፣ መደርደሪያና ቅርጫት «ቶሎ ይነቅዛል» እያሉ የሚያጣጥሉ ሰዎች የሚሳሳቱት በዕቃው ሳይሆን በቀርከሃው ዕድሜ ነው። ገና ያልበሰለ ለጋ ቀርከሃ ውሃና ስኳር ስለሚበዛበት ነቀዝ ይወደዋል፤ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየው ግን ይጠነክራል። ስለዚህ ስለ ዋጋ ከመከራከር በፊት ስለ ዕድሜው መጠየቅ ያዋጣል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ «አዊ ድንች ብቻ ነው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው። የባንጃ ወረዳ ደጋ የድንች አገር ነው። ሆኖም ድንች ራሱ ለኢትዮጵያ እንግዳ ሲሆን፣ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ ይታመናል። አዊን የያዘው አገው ምድር ግን ከዚያ በፊት ከራሱ አልፎ ዋና ከተማ ይመግብ ነበር። የአባይን ምንጭ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ጎንደር በከብት፣ በማር፣ በቅቤ፣ በስንዴ፣ በቆዳና በሰም የምትተማመነው በአገዎች ላይ እንደነበር፣ ነጋዴዎቹም በሺህ እየሆኑ ተከታትለው ወደ ከተማዋ ይገቡ እንደነበር ጽፏል። ዛሬም ማርና ቅቤ ለሚፈልግ እንግዳ የአዊ ገበያ ጥሩ መነሻ ነው። አዲስ ቅዳም ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀኗ ነውና መቼ መሄድ እንደሚሻል ስሟ ይናገራል።

ነገር ግን በአዊ ገበያ ከሁሉ ይልቅ የተናቀውና እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ግብጦን ነው። ግብጦ የድሃ እህል ነው፣ ሌላ ሲጠፋ ይበላል ይባላል። የሚዘራውም ሌላ እህል በማይይዝ ደካማ መሬት ላይ ስለሆነ ይህ ስም ተጣብቆበት ቀርቷል። ፍሬው ግን ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ በላይ ፕሮቲን ሊሆን የሚችል፣ በዚህም ባቄላንና አተርን የሚበልጥ ጥራጥሬ ነው፤ ማዳበሪያ ሳይጠይቅም መሬቱን ያድሳል። መራራነቱ የሚመጣው አልካሎይድ ከተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን በብዛት ከተበላ ይመርዛል። የጎጃም ባለሙያ ሴቶች ያገኙት መፍትሔ ሥራ ይጠይቃል፤ ግብጦው ይቆላል ወይም ይቀቀላል፣ ይፈተጋል፣ ከዚያ በጆንያ ታስሮ ወራጅ ውሃ ውስጥ ለቀናት ይቀመጣል። ምሬቱ እስኪለቅ ድረስ እየተቀመሰ ይጠበቃል። እንግዳ መጠንቀቅ ያለበትም እዚህ ላይ ነው፤ አፍ ላይ የሚመር ግብጦ ውሃው ያልበቃው ስለሆነ መተው አለበት። በደንብ የታጠበው ግን ጨው ቢጤ ነስንሰውበት ለጾምም ለጨዋታም የሚሆን ነው፤ አረቄም ይወጣዋል። ይኸው ነጭ ግብጦ በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝበን «ትሬሞሱሽ» ተብሎ በጨው ውሃ ተዘፍዝፎ ከቢራ ጋር በየመጠጥ ቤቱ ይቀርባል፤ ቱሪስቱም የአገሩ ጣዕም ነው ብሎ ከፍሎ ይበላዋል። ሊዝበን ላይ ባህል፣ ዳንግላ ላይ ድህነት የሚሆንበት ምክንያት ፍሬው ውስጥ የለም።

ጠቆር ያለ እንጀራ ሲቀርብለት ፊቱን የሚያጠቁር እንግዳም እንዲሁ ይሳሳታል። መልኩ የዳጉሳ ነው፤ ያደረ ወይም የተበላሸ ስለሆነ አይደለም። ዳጉሳ በካልሲየም ከአብዛኞቹ እህሎች ይበልጣል፣ ለጠላና ለአረቄም የአካባቢው ዋና እህል ነው። በዳንግላ በኩል ዝቅ እየተባለ ሲኬድ ይበልጥ ይገኛል።

የሚታይ ነገር የለም ለሚሉት ዘንገናን ማንሣት ይበቃል። ከእንጅባራ በስተደቡብ፣ ከዋናው መንገድ አጠገብ፣ በዛፍ የተከበበ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ሐይቅ ነው። ብዙ ሰው ኩሬ ነው ብሎ ያልፈዋል። በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ስለሆነ ግን ወደ ታች 166 ሜትር ይወርዳል፤ ከ3000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋው ጣና ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ዳንግላም ቢሆን ትናንት የተቆረቆረች የአውቶቡስ ማረፊያ አይደለችም። እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ የኖረው በዳንግላ ነበር። ከዚያ እየተነሣ የጣናን ዳርቻና የአባይን ጉዞ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፍ አሳተመ።

ቋንቋውን በተመለከተ ስሕተቱ የሚመነጨው ከቀና ነገር ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ከተሞች በአማርኛ ጠይቆ መልስ የማያገኝ ሰው ስለሌለ፣ የአካባቢው ቋንቋ አውኝኛም የአማርኛ ዘዬ ሳይሆን አይቀርም የሚል ግምት ይያዛል። አማርኛ የሴም ቋንቋ ነው፤ አውኝኛ የኩሽ ነው። ርቀታቸው የአንድ ቋንቋ ሁለት ዘዬዎች ያህል አይደለም። ተጽዕኖውም ሰዎች በሚገምቱት አቅጣጫ ብቻ አልሄደም። ግእዝ ግሡን በአብዛኛው ቀደም አድርጎ ሲያስቀምጥ አማርኛ ወደ መጨረሻ የሚወስደው ለረጅም ዘመን ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው፣ ጋር አብሮ ስለኖረ ነው ብለው የቋንቋ ሊቃውንት ያስረዳሉ። አገው ሁሉ አንድ ቋንቋ ይናገራል የሚለውም አይሠራም፤ የሰቆጣው ኽምጣኛና የእንጅባራው አውኝኛ ዘመዳሞች ቢሆኑም ተናጋሪዎቻቸው በየራሳቸው ቋንቋ ቢያወሩ አይግባቡም። አውኝኛ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ልጆች የሚማሩበት ቋንቋ ነው። ገበያ የሚወጣ እንግዳ ሰላምታውንና ምስጋናውን ከአስተናጋጁ ጠይቆ ቢይዝ፣ ባለ ጠላዋም ባለ ማሩም በሌላ ፊት ይቀበሉታል።

የመጨረሻው የፈረሱ ጉዳይ ነው። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል በቴሌቪዥን ስለሚታይ ብዙ ሰው አዊን የሚያውቀው በዚያ ነው፤ ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርኢት የሚመስለውም አለ። የፈረሰኞቹ ማኅበር ዕድሜውን የሚቆጥረው ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ነው፤ ያኔ ጣሊያን ገና ከአገር አልወጣም ነበር፣ ስለ ቱሪስትም የሚያስብ አልነበረም። መታሰቢያነቱ በአድዋና በአርበኝነቱ ዘመን ከሰው ጋር ለዘመተው ፈረስ ነው። ቀኑም የጊዮርጊስ ነው፤ አድዋ ድል የተደረገበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እንደነበረው ሁሉ። ማኅበሩ ከሰባቱ የአገው ቤቶች፣ ከአንከሻ፣ ከባንጃ፣ ከዚገም፣ ከአዘና፣ ከቻራ፣ ከኳኩራና ከመተከል ትውፊት ጋር የተሳሰረ ሆኖ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ አባላት አሉት። አባሉ ሲሞት በፈረስ ይለቀስለታል፣ ሲያገባ በፈረስ ይታጀባል፣ ሲጣላ ይታረቅበታል። «ታዲያ በዓሉን ካላየሁ መቼ ልሂድ?» የሚል ሰው ይኖራል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን አስተማማኝ ስላላደረገው፣ በየትኛውም ወር ቢሆን ከመነሣት በፊት የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ግድ ነው። በዓሉ ግን የዚህ ሕይወት አንድ ቀን ብቻ ነው። ጉግሱና ግልቢያው ሲያበቃ ኮርቻው ይወርዳል፣ ግላሱ ታጥፎ ይቀመጣል። በብዙ የአገራችን ክፍል እርሻ የበሬ ሥራ ነው፤ በአዊ ደጋ ግን ፈረስም ያርሳል። ጥር ላይ በግላስ አጊጦ የታየው ፈረስ ዝናቡ ሲጀምር ሞፈር ይጎትታል፤ በሰኔ በእንጅባራ የሚያልፍ መንገደኛ በመስኮቱ ማዶ የሚያየው እሱን ነው።